ያለ ደረጃ (አንደኛ፣ ሁለተኛ ሳይሉ) ማስተማር የሞከራችሁ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የሪሺ ቫሊ ትምህርት ቤትን አሠራር የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ያለው ደቡብ ህንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ነው። የመሠረተው ፈላስፋው ጂዱ ክሪሽናሙርቲ (እ.ኤ.አ. 1895–1986) ልጅን ከልጅ ማወዳደር ፍርሃት ይወልዳል ብሎ ያምን ነበር። ተማሪዎቹ አመሻሽ ላይ አብረው ተቀምጠው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም ብለው ያያሉ። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

ይበልጥ የያዘኝ ግን በዙሪያው ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። የተለያየ ክፍል ልጆች አንድ ላይ ይማራሉ። የትምህርት መሰላል አለ፤ ትምህርቱን በእርከን በእርከን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ልጁ የደረሰበትን እርከን ያይና ምልክቱን ተከትሎ የዚያን እርከን ሥራ የያዘውን ካርድ ያነሳል። ቀርቶ ቢመለስም ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ሒሳብን በዚህ መንገድ ጀመርኩ፤ ልጆቹ ወደዱት። ወላጆች ግን "ልጄ ስንተኛ ወጣ?" ይሉኛል። ካርዶቹን ባሳያቸውም አይዋጥላቸውም። ይባስ ብሎ ቀስ የምትለዋን ልጅ ጓደኞቿ መሰላሉ ላይ እያዩ "ገና እዚህ ነሽ?" ይሏታል። አንገቷን ስትደፋ አንጀቴን ትበላኛለች።

መሰላሉን ከግድግዳ አውርጄ በየደብተራቸው ላድርገው? ለወላጅስ ያለ ደረጃ ምን ዓይነት ሪፖርት ይሰጣል? ህንድ የተማራችሁ፣ ወይም የሞከራችሁ መምህራን፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የካርድ ናሙና ያለው ቢልክልኝማ ውለታው ትልቅ ነው።