ለቢሲዲሞ የሚሆን ጫማ ከየት እናግኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎች ነን። በክረምቱ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ከሐረር ወጣ ብላ ወደምትገኘው ቢሲዲሞ ልንሄድ ነው። የሥጋ ደዌ እግራቸውን ለጎዳቸው ሰዎች ጫማ ይዘን መሄድ እንፈልጋለን።

ግን ተራ ጫማ አይሆንም። በሽታው እግሩን ያደነዘዘው ሰው ጫማው ሲጨምቀው፣ ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም። ካልሲው ደም ሲነካ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ሰፋ ያለ መሆን አለበት። መርካቶን ዞረን አጣን። የሚሠራ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን። ልኬቱንስ ቀድመን እናስልክ?

ሌላው ጭንቀታችን ወላጆች ናቸው። የጓደኛዬ እናት «ይጋባብሻል» ብለው ከለከሏት። ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት እንደሚድን፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ቶሎ ማስተላለፍ እንደሚያቆም ነገርናቸው። አልተዋጠላቸውም። እንዲህ ያለ ቦታ የሄዳችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት አሳመናችሁ?