የስልክ ቁጥር ኮለሙን ሱቁ ሳይቆም እንዴት ልቀይረው?

ሰላም ጓዶች፣ ተቸግሬያለሁ። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ላለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ከ3 ዓመት በፊት የሠራሁት ሲስተም አለ፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8 ነው። ያኔ ለደንበኛ ስልክ አንድ ኮለም (የቴብል ዓምድ) ብቻ ሰጠሁት፣ ያውም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አድርጌ። ፊት ያለችው ዜሮ ተበላች። አትሳቁ። አሁን ደግሞ ግማሹ ደንበኛ 09ም 07ም ይዞ ይመጣል፣ ሻጮቹም ሁለተኛውን ቁጥር ስሙ ላይ ይቀጥሉታል።

ስልኮቹን ወደ ራሳቸው ቴብል ላወጣቸው አስቤያለሁ። ግን 3ቱ ቅርንጫፎች አፑን በአንድ ቀን አያድሱም፤ አንዱ ጋ ስሄድ መብራት ይጠፋል፣ ሌላው ገበያ ሲበዛ አታስነካን ይላል፣ ስለዚህ የድሮው አፕ የድሮውን ኮለም ለሳምንታት መፈለጉ አይቀርም።

ባለፈው የአንድ ኮለም ስም በቀጥታ ቀይሬ ጉድ ሆኛለሁ። ቀጣዩ ትእዛዝ ስህተት ሲሰጥ በሮልባክ (ያልጸደቀ ለውጥን በመሰረዝ) እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ማይኤስኪውኤል ላይ አልተር ቴብል (የቴብል ቅርጽ መቀየሪያው ትእዛዝ) ራሱ ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ለውጡን ወዲያው ያጸድቃል፤ ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ እንደሚመለሰው አይመለስም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቁ ሙሉ ሰው፣ ደረሰኝ አይወጣም!

አሁን ያሰብኩት አዲሱን ቴብል ከጎን ፈጥሬ፣ የነበረውን ዳታ በትንሽ በትንሹ ገልብጬ፣ ሁሉም አፕ ሲታደስ ብቻ አሮጌውን ኮለም ላጠፋ ነው። እስከዚያ ሁለቱን እኩል ለማስኬድ ትሪገር (ዳታ ሲጻፍ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬደው ትእዛዝ) ይሻላል ወይስ አዲሱ አፕ ሁለቱም ላይ ይጻፍ? እሺ፣ የድሮው አፕ የሚጽፈውንስ ማን ያሻግረዋል? አሮጌውን ኮለም የሚነካ አለመቅረቱንስ በምን ልወቅ? ባክአፕ አለኝ፣ እሱን አትንገሩኝ። መልሼ ሞክሬው ግን አላውቅም።