የአሽዶድ ባሕር አሸዋ እውነት ከአባይ ነው የመጣው?

የአሽዶዷ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ከባሕር ዳር አሸዋ ወስዶ ከየት እንደመጣ ለክፍሉ እንዲያስረዳ ታዟል። አባቱ «ከሀገራችን ከኢትዮጵያ በአባይ የመጣ ነው» አለው። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ እኔ ግን ተሳስቶ እንዳይናገር ሰጋሁ። እውነት ነው? ቤት ውስጥ የምንሠራው ሙከራስ ይኖራል? የሚያቀርበው እሑድ ነው።

ሥነ ምድር ያጠናሁ፦ እህቴ፣ አባቱ አልተሳሳተም፤ ነገሩ ግን ትንሽ ይስተካከል። አሸዋው የአባይ ነው። ወንዙ ግብፅ ላይ ሜዲትራኒያን ውስጥ ያራግፈዋል። ከዚያ ማዕበሉ ዳርቻ ዳርቻውን በሲናና በጋዛ በኩል ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ድረስ።

ግን አብዛኛው ፍሬ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ያ ፈዛዛ ቢጫው። የኛ ደጋ ደግሞ በዋናነት ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው። ከባዛልት ኳርትዝ አይወጣም ማለት ይቻላል። ኳርትዙ የሚመጣው ወንዙ በመንገዱ ከሚቆርጣቸው ከግራናይትና ከጥንት የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ሌላው ማዕድን ጭቃ ሲሆን እሱ ይተርፋል።

የደጋችን ምልክት በጥቁሮቹ ፍሬዎች መካከል ነው። ኦጋይት የሚባል ጥቁር አረንጓዴ ማዕድን አለ፤ በአባይና በተከዜ በኩል ከባዛልታችን ታጥቦ የወረደ። በዓይን ብቻ ከሌላው ጥቁር ማዕድን መለየት ግን ያስቸግራል። ነጭ አባይማ አብዛኛውን ደለሉን ደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ጥሎት ነው የሚመጣው።

የደጀን ልጅ፦ ከኢትዮጵያም ኳርትዝ ይወጣል እኮ! ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፤ ከታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ገደሉ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ልጁ ቢጨምርበት ደስ ይለኛል።

ሥነ ምድር ያጠናሁ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ኳርትዙ ከብዙ ቦታ ነው ቢባል ይሻላል።

መምህርት ከሃይፋ፦ ለሙከራው አሸዋውን አድርቂው። ነጭ ወረቀት ላይ በትኚና በአጉሊ መነጽር ይየው። ማግኔቱን በላስቲክ ጠቅልለሽ አሳልፊበት፤ ካልጠቀለልሽው ፍሬው ተጣብቆ ያስቸግራል። የሚነሣው ማግኔታይት፣ ብረት ያለበት ጥቁር ማዕድን ነው። ከዚያ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ የዛጎል ስብርባሪ አለበት። ከአኮ ከተማ በስተ ሰሜን ያለውን አሸዋ ብታገኙ አረፋው ይበረታል። የአባይ አሸዋ እዚያ አይደርስም፤ በብዛት ዛጎል ነው።

የአሽዶዷ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልን! ዛሬም አባይ አሸዋ ያመጣል?

ሥነ ምድር ያጠናሁ፦ በ1970 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ የአስዋን ግድብ ካለቀ ወዲህ ከላይ የሚመጣው ደለል ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። እናንተ ጋ የሚደርሰው ድሮ የወረደው፣ ማዕበሉ ከደልታው (አባይ ባሕር ከሚገባበት ደለላማ ምድር) ዳርቻ እየፋቀ የሚያመጣው ነው።

የአሽዶዷ እናት፦ ሞከርነው። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ጢም በቀለበት! አቼቶው ትንሽ ነው ያረፋው። ጥቁሮቹን ለብቻ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ «ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአያቴ ሀገር» ብሎ ጻፈበት። እንደሱ ቢል ልክ ነው አይደል?

ሥነ ምድር ያጠናሁ፦ «አንዳንዶቹ» ካለ ልክ ነው። ጎበዝ በይልኝ።