ጥያቄ፦ «ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ» ነው ወይስ «ሚ ኦር ማይ ኸዝባንድ»?

እመ ሐና (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ገብታለች። አባቷ ማታ ማታ ይሠራል፣ የእኔም ሺፍት ይቀያየራል፤ ስለዚህ ማን እንደሚወስዳት ጠዋት ላይ ቁርጡ አይታወቅም። ይህንን ለትምህርት ቤቱ ቢሮ በኢሜይል ማሳወቅ አለብኝ። በአማርኛ ቢሆን «ወይ እኔ ወይ አባቷ እንወስዳታለን» ብዬ እገላገል ነበር። በእንግሊዝኛው ግን ሦስት ዓይነት ጽፌ የትኛውን እንደምልክ ተቸግሬያለሁ፦ «አይ ኦር ማይ ኸዝባንድ»፣ «ሚ ኦር ማይ ኸዝባንድ»፣ «ማይ ኸዝባንድ ኦር ማይሰልፍ»። ሥራ ቦታ ሦስቱንም ሲሉ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግስ «አም» ይሁን «ኢዝ» ይሁን «አር» ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ኢሜይሉን ስጨርስ «ችግር ካለ ለባለቤቴ ወይም ለእኔ ደውሉ» ማለትም እፈልጋለሁ። እዚያስ «አይ» ነው «ሚ»?

መምህሩ (ደሴ)

እመ ሐና፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግራ የሚያጋባው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኛ «እኔ» የሚለውን ሳንነካ «ን» ወይም «ለ» እንጨምርበታለን፤ «እኔን»፣ «ለእኔ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ራሱን ይለውጠዋል፤ አድራጊው ሲሆን «አይ»፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ሲሆን «ሚ»። «ሂ» እና «ሂም»፣ «ሺ» እና «ኸር»፣ «ዊ» እና «አስ»፣ «ዘይ» እና «ዘም» እንደዚያው ናቸው። «ማይ ኸዝባንድ» ግን ስም ነውና የትም ቢገባ አይለወጥም። ታዲያ ስሙና ተውላጠ ስሙ በ«ኦር» ሲያያዙ ስሙ ምንም ፍንጭ አይሰጥሽም፣ ጆሮሽም ይዘናጋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ማይ ኸዝባንድ ኦር» የሚለውን በጣትሽ ሸፍኚና የቀረውን አንብቢ። «አይ ዊል ፒክ ኸር አፕ» ይባላል፤ «ሚ ዊል ፒክ ኸር አፕ» የሚል የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ ዊል ፒክ ኸር አፕ» ይሆናል። ሁለተኛውንም እንደዚሁ ሸፍኚው። «ፕሊዝ ኮል ሚ» እንጂ «ፕሊዝ ኮል አይ» አይባልም፤ ስለዚህ «ፕሊዝ ኮል ማይ ኸዝባንድ ኦር ሚ»። በአንድ ኢሜይል ውስጥ አንዱ «አይ» ሌላው «ሚ» መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በይ። እኛ «እኔና ወንድሜ» ብለን ከራሳችን እንጀምራለን፣ ነውርም የለውም። በእንግሊዝኛ ራስን መጨረሻ ማድረግ እንደ ትሕትና ይቆጠራል። የሰዋስው ግዴታ አይደለም፤ ለቢሮ ስትጽፊ ግን ጠብቂው።

አስተርጓሚዋ (ሲያትል)

መምህር የተናገሩት ለጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። በንግግር በኩል ያለውን እኔ ልጨምር፤ እመ ሐና ሦስቱንም መስማቷ እውነት ነው። በወሬ መሀል «ሚ ኦር ማይ ኸዝባንድ ዊል ካም» የሚሉ፣ ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ አሜሪካውያን ሞልተዋል። ማንም አይታዘባቸውም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። የተማሩ ሰዎች «ፕሊዝ ኮል ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ልጅ ሆነው «ሚ» ባሉ ቁጥር «አይ በል» እየተባሉ ስላደጉ፣ «አይ» ሁልጊዜ የጨዋ ሰው ቃል እየመሰላቸው የማይገባበት ያስገቡታል። የኛ ሰው ደግሞ አሜሪካዊ አለቃው ሲለው ከሰማ ትክክል ነው ብሎ ይይዘዋል። የመምህርን የጣት ዘዴ ያዙ፣ ከአለቃችሁም ያስጥላችኋል።

«ማይሰልፍ» የቢሮ ኢሜይል ቃል ሆኗል። «ኮንታክት ማይ ማናጀር ኦር ማይሰልፍ» የሚል በየቀኑ ይመጣልኛል። ብዙ የአጻጻፍ መመሪያዎች አይወዱትም፤ ያለ ቦታው እንደገባ ይቆጥሩታል። ቦታው «አይ» ቀድሞ ሲመጣ ነው፤ «አይ ዲድ ኢት ማይሰልፍ» እንደሚባለው። እመ ሐና፣ ለኢሜይልሽ አያስፈልግሽም።

ታክስ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የግሱ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። በ«ኦር» የተያያዙ ሁለት ነገሮች በ«ኤንድ» («እና») እንደተያያዙት አይደመሩም፤ ግሱ ቅርቡ ያለውን ይከተላል። «አይዘር ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ አም ካሚንግ»፣ ገልብጠሽው «አይዘር አይ ኦር ማይ ኸዝባንድ ኢዝ ካሚንግ»። «ማይ ኸዝባንድ ኦር ሂዝ ሲስተር» ሲሆን «ኢዝ»፣ እህቶቹ ብዙ ከሆኑና መጨረሻ ላይ ከመጡ «አር»። እኛ «ከሁለት አንዳችን እንመጣለን» ብለን በብዙ ቁጥር ስለምንጨርሰው ሁልጊዜ «አር» ይቀናናል።

እውነቱን ለመናገር «ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ አም» ትክክል ቢሆንም ለአንደበት ይሻክራል። እኔ የምመክረው ከነጭራሹ መሸሽ ነው። «ዊል»፣ «ካን» እና «ሜይ» ለማንም አይለወጡም። ያለፈ ጊዜም «ዎዝ» እና «ወር» ካልሆኑ በቀር እንደዚያው ነው፤ «ማይ ኸዝባንድ ኦር አይ ኮልድ ዩ» ብትይ የሚያጣላ ነገር የለም። መምህር የጻፉልሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዊል» ስላለ ተገላግለሻል።

እመ ሐና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች እንዳላችሁኝ ጽፌ ልኬዋለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ፎርም ደረሰኝ፤ «ዱ ዩ ኦር ዩር ስፓውስ…» እያለ የሚጠይቅ። ባለቤቴን የሚመለከት፣ እኔን የማይመለከት ነገር ሲሆን «የስ» ነው «ኖ»?

ታክስ ሠሪው

«የስ»። እህቴ፣ ይህን በደንብ ያዢው፤ ገንዘብና ወረቀት የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው። እኛ ሁለት ቃል አለን። «ሻይ ወይስ ቡና?» ስንል ምረጥ ማለታችን ነው፤ «ሻይ ወይም ቡና አለ?» ስንል አንዱም ቢኖር ይበቃል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያለው «ኦር» ብቻ ነው። ፎርም ላይ ያለው «ዩ ኦር ዩር ስፓውስ» የ«ወይም» ዓይነት ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንኳ ከነካ መልሱ «የስ» ነው፣ ሁለታችሁን ከነካም «የስ» ነው። ከአንዱ በላይ አይሆንም የሚል ትርጉም የለውም።

ፎርም 1040ን ተመልከቺ፤ የአሜሪካ የገቢ ግብር ማሳወቂያው ማለት ነው። ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ፈንድ 3 ዶላር እንዲሄድ «ዩ፣ ኦር ዩር ስፓውስ» ከፈለጋችሁ ምልክት አድርጉ ይላል። ሣጥኖቹ ግን ሁለት ናቸው፣ አንዱ ላንቺ አንዱ ለባለቤትሽ። ሁለታችሁም ብታደርጉ፣ አንዳችሁ ብቻ ብታደርጉ፣ ሁለታችሁም ብትተዉት ይቻላል። ምልክት ማድረጉ ግብራችሁንም ሆነ ተመላሹን አይለውጥም። ብዙ ደንበኞቼ «ከሁለት አንዳችን ብቻ» ይመስላቸዋል።

አስተርጓሚዋ

ይህ የ«ወይስ» እና የ«ወይም» ነገር በንግግርም በየቀኑ ያጋጥመኛል። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «ዱ ዩ ኦር ዩር ኸዝባንድ ስሞክ?» ብላ ድምጿን መጨረሻ ላይ ከፍ ካደረገች «ወይም» ናት፤ «የስ» ወይም «ኖ» ነው የምትፈልገው። «ኢዝ ኢት ዩ ኦር ዩር ኸዝባንድ?» ስትል ግን ድምጿ «ዩ» ላይ ከፍ ብሎ «ኸዝባንድ» ላይ ዝቅ ይላል፤ «ወይስ» ናት። እዚያ ላይ «የስ» ቢሏት መልስ አላገኘችም፣ ደግማ ትጠይቃለች። ቃሎቹን ሁሉ የሚያውቁ እናቶች እዚህች ላይ እንግሊዝኛ እንደማይችሉ ተቆጥረው ሲያፍሩ አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፤ የሸወዳቸው የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ጆሮአችሁን የመጨረሻው ቃል ላይ አድርጉ።

አሉታም አለ። «አይ ዲድንት ሲ ሂም ኦር ሂዝ ዋይፍ» ማለት ሁለቱንም አላየሁም ነው። አንዱን አይቻለሁ ማለት አይደለም።

የሰው ኃይል ባለሙያ (አዲስ አበባ)

ከርዕሱ ብዙም ስላልራቀ እኔም ልጠይቅ። የሠራተኞች መመሪያ በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ነው። «አን ኢምፕሎዪ» ካልኩ በኋላ በየመስመሩ «ሂ ኦር ሺ»፣ «ሂዝ ኦር ኸር» እያልኩ ጽሑፉ ከበደኝ። «ዘይ» ብል ስህተት ይሆናል?

መምህሩ

አይሆንም። «ዘይ» ጾታው ላልተለየ አንድ ሰው ሲውል ዘመናት አስቆጥሯል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2019 ባወጣው 7ኛው እትም የአጻጻፍ መመሪያው በግልጽ ተቀብሎታል። የአማርኛ ተናጋሪ ሊከብደው አይገባም፤ እኛም «እሳቸው መጡ» ስንል ለአንድ ሰው የብዙ ቁጥር ግስ እየተጠቀምን ነው። «ዘይ» ላይም ግሱ ለአንድ ሰው ቢሆንም «አር» እንደሆነ ይቀጥላል፤ «ዘይ ኢዝ» አይባልም። በየመስመሩ «ሂ ኦር ሺ» ማለትም ስህተት የለበትም፣ አንባቢን ግን ያደክማል። እኔ ብሆን «ኢምፕሎዪስ» ብዬ ገና ከመነሻው ብዙ አደርገው ነበር፤ ያኔ «ዘይ» ማንንም አያነጋግርም።

እመ ሐና

አንዲት የመጨረሻ። ቢሮው «በየትኛው ስልክ እንደውል?» ብሎ መለሰልኝ። «በእኔ ወይም በባለቤቴ ቁጥር» እንዴት ልበል?

አስተርጓሚዋ

«ማይ ነምበር ኦር ማይ ኸዝባንድስ» በያቸው። «ኸዝባንድ» መጨረሻ ላይ ያለችውን የባለቤትነት «ስ» እንዳትረሺ፣ ስትጽፊያትም ከፊቷ ከላይ የምትሰቀለውን ጭረት (አፖስትሮፍ) አድርጊ። «ማይ ኸዝባንድ ኦር ማይ ነምበር» ካልሽ «ባለቤቴ ጋ ደውሉ፣ አለዚያ በእኔ ቁጥር» ይመስላል። ስሙን ማስቀደም ከፈለግሽ «ማይ ኸዝባንድስ ነምበር ኦር ማይን» ይሆናል፤ ቁጥር የሚለው ስም ተመልሶ ስለማይመጣ «ማይ» ወደ «ማይን» ይለወጣል። ከሥሩ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነስማችሁ ጻፊላቸው።