የአባቴ የዋልያስ ካሴት ክሩ ተበጠሰ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤቶች፣ ካሴት የሚገባችሁ እስቲ እርዱኝ። አባቴ በዋልያስ ባንድ (የድሮው የአዲስ አበባ የሙዚቃ ቡድን) ቀልድ አያውቅም፣ ሂልተን ሲጫወቱ በአካል ያያቸው ነው፣ እና አንድ ካሴት አለው ዘፋኝ የሌለበት ኦርጋን የበዛበት፣ ሽፋኑ የለም፣ ሰሞኑን ቴፑ ክሩን በላውና ተበጠሰ። ከዩቲዩብ ብከፍትለት "ይሄ ይፈጥናል፣ የነሱ አይደለም" ብሎ አስዘጋኝ 😂 ክሩ ይቀጠላል? ወደ ፍላሽስ እንዴት ነው የሚገለበጠው?

ቴክኒሻኑ፦ ይቀጠላል እህቴ አትደንግጪ። ካሴቱ ብሎን ካለው በትንሽዬ ካቻቢቴ ክፈቺው፣ ከሌለው በምላጭ ቀስ ብለሽ ከፍተሽ ክሩን ብሎን ወዳለው ባዶ ካሴት ማዛወር ነው። የተጨማደደውን ቆርጠሽ ጫፎቹን ሳይደራረቡ አፍ ለአፍ ግጠሚ፣ ከዛ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ብረት) በማይነካው በኩል ለካሴት ክር የተሰራውን ፕላስተር ለጥፊበት። የቢሮ ስኮች እንዳትሞክሪ፣ ሙጫው እየወጣ ሄዱ ላይ ይጣበቃል። ያንን ቴፕ ደግሞ ሄዱንና ክሩን የምትስበውን ጎማ በጥጥና በአልኮል ሳታጸጂ ሁለተኛ ካሴት አትክተቺበት።

የሸክላ ወዳጅ፦ "ሙዚቃዊ ስልት" የሚለው ዜማ አለበት? ካለበት ከ"ቸ በለው" የተቀዳ ነው፣ እሱ በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው) በካይፋ ሙዚቃ ቤት የወጣ ሸክላ ነው፣ ሙላቱ አስታጥቄም ተጫውቶበታል። ኦርጋኑ ብቻውን ዜማውን እየመራ ትዝታ ምናምን የሚል ከሆነ ግን የ1975ቱ የኃይሉ መርጊያና (የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች) የዋልያስ ካሴት ይሆናል። ሁለቱም እንደገና ታትመዋል፣ የመጀመሪያው በ2014 ሁለተኛው በ2021፣ ስለዚህ ክሩ እንኳን ባይተርፍ ሙዚቃው አልጠፋም።

ከዲሲ፦ ጋሼን ሰላም በይልኝ። ዋልያሶች በ1981 በፈረንጅ አሜሪካ ለሾው መጥተው አራቱ እዚሁ ቀሩ አይደል፣ ኃይሉ እዚህ ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር፣ ከዛ በ2013 የድሮ ካሴቱ ሲታተም ፈረንጁ ሁሉ ጉድ አለና ሽማግሌው መድረክ ላይ ተመለሰ። የ2018ቱን "ላላ በሉ" የሚለውን አልበሙን አሰሚው፣ እሱን ይፈጥናል የሚል ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ጠያቂዋ፦ ሙዚቃዊ ስልት አለበት! እንግዲያው ቸ በለው ነው። ግን አዲሱን ብገዛለትም ያው ይፈጥናል ማለቱ አይቀርም።

ቴክኒሻኑ፦ አባትሽ አልተሳሳቱም እኮ። የድሮ ቴፕ ቀበቶው ሲላላ ሞተሩ ክሩን ቀስ አድርጎ ይጎትተዋል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፣ እሳቸው ዋልያስን ስንት ዓመት በዛ ቴፕ ሲሰሙ ጆሯቸው እሱን ለምዷል። ስለዚህ ደህና ቴፕ ተዋሺና ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ በገመድ ቅጂ (በስልክ ማይክ አይሆንም)፣ መጀመሪያ በዌቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት ፋይል) ሴቭ አድርጊ ኤምፒስሪው ይደርሳል።

የሸክላ ወዳጅ፦ ኧረ ሙዚቃ በትክክለኛ ፍጥነቱ ነው የሚሰማ፣ ይልመዱት እንጂ!

ከዲሲ፦ አንተ ደሞ፣ ሰውዬው በስንት ዘመናቸው ምን ያስለምዳቸዋል።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ እንዴት ነው ቀስ የሚደረገው?

ቴክኒሻኑ፦ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች የሚል አለ፣ ፍጥነቱን በ2 ወይ በ3 ፐርሰንት ቀንሰሽ ጀምሪ፣ እሳቸው አጠገብሽ ቁጭ ብለው ይወስኑ። ዋናውን ፋይል ግን እንዳትነኪው፣ ኮፒው ላይ ስሪ።