194313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናት ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

ማራኪ11፦
ሰላም ናችሁ። እዚህ ጎንደር ለ11ኛ ክፍል የሒሳብ ክበብ ከባሕረ ሐሳብ (ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) አንድ ነገር እያዘጋጀሁ ነው። ዐቢይ ቀመር፣ ትልቁ የዘመን ዑደት፣ 532 ዓመት ነው፤ ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ስለምትሆን 532 × 365 + 133 = 194313 ቀን ይመጣል። ቁጥሩን ለመበተን እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ 440፣ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞከርኩ። ያካፈሉት 3፣ 7 እና 19 ናቸው። ሲባዙ ግን 399 ብቻ ናቸው። ምኑ ጎደለ? ደግሞ የአካፋዮቹ ድምር 312320 ወጣልኝ፤ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ አባንደንት ነው ልበል?

ቀሃ፦
መምህር፣ የጎደለው 487 ነው። ሩቱ ላይ መቆም የሚበቃው ቁጥሩ ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው። ሲበትኑ ግን እያካፈሉ የተረፈውን ይያዙ፤ ከሩቱ የሚበልጥ ብቸኛ አካፋይ አንድ ሊኖር ይችላል። ሁለት አይኖሩም፣ ሲባዙ ከቁጥሩ ያልፋሉና።

እስከ 440 መድከምም አያስፈልግም ነበር። የአሃዞቹ ድምር 21 ነው፣ ስለዚህ ለ3፦ 64771። ለ7፦ 9253። በ11፣ በ13፣ በ17 እምቢ ይላል። ለ19፦ 487። አሁን ሩቱ 22 ላይ ወርዷል። 3፣ 7 እና 19 ግን እያንዳንዳቸው ሁለተኛ ጊዜ መሞከር አለባቸው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። እዚህ አንዱም አይደገምም።

ድምሩ ልክ ነው፣ 4 × 8 × 20 × 488። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ውስጡ አለ፤ አባንደንት የሚባለው ራሱን ሳይጨምር የአካፋዮቹ ድምር ከቁጥሩ ሲበልጥ ነው፣ ሲያንስ ዲፊሸንት ይባላል። ሲቀነስ 118007 ይቀራል፣ ከ194313 ያንሳል፤ ዲፊሸንት ነው። («ጎዶሎ» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ ኢተጋማሹንም ጎዶሎ የሚሉ ስላሉ ተማሪው ይምታታበታል።)

ዐውደ ዕለት፦
ለክበቡ የሚጥመው 7 ነው። 194313 ለ7 ሲካፈል 27759 ነው፣ የ532 ዓመት ሳምንታት ማለት ነው። ይኸው ቁጥር ደግሞ የማዕከላዊ ቀመር፣ የ76 ዓመት፣ ቀናት ብዛት ነው! 27759 = 3 × 19 × 487፤ ውስጡ 7 የለም፣ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ስለዚህ በ76 ዓመት አበቅቴው (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት፣ በ19 ዓመት የሚዞር) እና ወንጌላዊው (ዓመቱ የሚሰየምበት፣ በ4 ዓመት የሚዞር) ይገጥማሉ፣ ዕለቱ ግን 4 ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 1940 ዓርብ ነበር፤ በ2016 ማክሰኞ ዋለ። 7 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ግፊቱ የሚዘጋው 7 ጊዜ ሲደገም ብቻ ነው፤ 7 × 76 = 532።

በንዑስ ቀመር እንዳይሞክሩት፤ 19 ዓመት 6939.75 ቀን ስለሚሆን ሙሉ ቁጥር አይወጣም። በ365.2425 የሚያባዛ መተግበሪያም 194309 ገደማ ይሰጣል፣ እሱ የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ማራኪ11፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኦይለር ፋይስ (እስከ ቁጥሩ ካሉት ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ብዛት)? 2 × 6 × 18 × 486 = 104976 አገኘሁ፣ ልክ 18⁴። ትርጉም አለው?

ዐውደ ዕለት፦
ስሌቱ ልክ ነው። ከየብቸኛው ቁጥር 1 ሲቀነስ 2 እና 3 ብቻ ቀሩ፣ 2⁴ × 3⁸። ከቀመሩ ጋር አይገናኝም፣ ግጥምጥሞሽ ነው።