የልጄ ሰባተኛ ቤት፦ ሦስት ዊልያም በአንድ መንደር

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ቤቶች። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፤ የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ብዙም ሳንርቅ ነው። እናቴ ልጃችንን ሰባት ቤት እያስቆጠረቻት ነው። በእኔ በኩል ልጅቷ ትንፋሽ ሳትወስድ ታወርደዋለች። በአባቷ በኩል ሦስተኛው ላይ ትቆማለች። እናቴ ደግሞ «ልጅ በአንድ እግሩ አይቆምም» ብላ ይዛኛለች።

የቤተሰቡ ስም ታቸር ነው፤ ጣራ በሣር የሚከድን ማለት ነው። የእኛ ስም በየትውልዱ ይቀየራል፣ የእነሱ አንዱ ስም መቶ ዓመታት ይሻገራል። እና ቀላል መስሎኝ ነበር። መንደሯ ኖርፎክ ውስጥ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ታቸሩ ግን ብዙ ነው።

በ1851 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ስድስተኛውን አገኘሁት፤ የ2 ዓመት ሕፃን። የበኩር ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው። አባትየው ዊልያም፣ 34 ዓመት። የክርስትና መዝገቡ ላይ ግን ዊልያም ታቸር ሦስት ነው። በ1815 እና በ1817 የቶማስ ልጆች፣ በ1816 የጆን ልጅ። በዚያ ላይ የ1841 ቆጠራ ዊልያምን 20 ዓመት ይለዋል። ሰው በ10 ዓመት ውስጥ እንዴት 14 ዓመት ይጨምራል? የእኛው የትኛው ነው?

መዝገብ ወዳዱ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። በ1841 ቆጠራ ከ15 በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት አምስት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ነበር። 24 የሆነውም 20 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በዕድሜ አትለይውም።

ወደ ጋብቻው ሂጂ። በኩሩ በ1851 11 ዓመቱ ከሆነ፣ ጋብቻው 1839 አካባቢ ይሆናል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከ1538 ጀምሮ ቢኖርም የሙሽራውን አባት አይጽፍም ነበር። ከሐምሌ 1837 ወዲህ ግን የሁለቱም አባቶች ስምና ሥራ ይጻፋል።

ምትኩ ዘፒያሳ፦
እኔ ምትኩ የተባልኩት ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ ሞቶ ነው። እነሱም ይተካሉ፤ የሟቹን ስም ራሱን ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጡት ነበር። አንድ አባት ሁለት ዊልያም ካለው የመጀመሪያውን የቀብር መዝገብ ላይ ፈልጊው። ከ1813 ወዲህ የሟቹ ዕድሜም አለበት።

የአራት ኪሎዋ፦
ተገኘ! የባለቤቴ እህት ኖሪች ያለው የአውራጃው መዝገብ ቤት ሄዳ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልን። ጋብቻው 1839 ነው። የሙሽራው አባት ቶማስ፣ ሥራው ጣራ በሣር መክደን። ስሙም ሥራውም ታቸር! ምትኩ፣ አንተም ልክ ነህ። የ1815ቱ ዊልያም በዘጠኝ ወሩ ተቀብሯል። የእኛው የተተካው ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ እሷም አንድ ቀብራለች።

ሙሽሮቹ መጻፍ አይችሉም ነበር። ስማቸውን ቄሱ ጽፎላቸው፣ መሃሉ ላይ እያንዳንዳቸው መስቀል አስምረዋል። የእሱ ቀለሙ ፈስሶ ወፍሯል፣ የእሷ ቀጭንና ዘመም ያለ ነው። እናቴ ባንክ ስትሄድ በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። ስልኬን ይዛ ብዙ አየችው። ትናንት ፒያሳ ወርጄ አሳጥቤላታለሁ።